ብርጭቆዋን ፈርተው

ለምወድዎ እህቴ ለእትዬ ለተማርያም፤

እንደምን ከርመዋል? ያ ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አሳለፈዎ? ባለቤትዎን ጋሼ ግዛውንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልልም። አንጀቴ ግን እርር ብሏል።

ዳኛቸው ለታናሻችን ለሠናይት ሽማግሌ ልኮ፣ ለጥር ወደዚህ ሊያስመጣትና ሊያገባት መሆኑን ጽፈውልኛል። እልል ልል ነበር፤ ተውኩት። ይሄ ዳኛቸው ከጓደኛዬ ከአምሳለ ጋር እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ሁለት ዓመት እንደ ባልና ሚስት የኖረ ሰው ነው። አምሳለ በነሐሴ ሞተች። በሳንባ ምች ተባለ። ውሸት ነው እትዬ! የገደላት ኤድስ ነው። ሐኪሙ ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ።

ልቅሶዋ ላይ ብርጭቆዋን የነካ የለም። የወረቀት ኩባያ ገዝተው መጡ። ሶፋዋ ላይ እንኳ ጋዜጣ አንጥፈው ነው የተቀመጡት። አፋቸው ሳንባ ይላል እንጂ ሁሉም ያውቁ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ዛሬ ፌርፋክስ መንገድ ላይ እኔ የምሠራበት ምግብ ቤት ተቀምጠው ለዳኛቸው የሠርግ ሱፍ ያማርጡለታል። ብርጭቆዋን ፈርተው፣ አልጋዋን የተጋራውን ይድራሉ!

ያስታመመቻት ነርስ በብርጭቆም በመጨባበጥም አይተላለፍም፣ በግንኙነትና በደም ነው ብላናለች። ሰው ወፍሮ፣ ፊቱ አብርቶ፣ ራሱም ሳያውቅ ዓመታት ይዞት ይዞራል አለችን። ኮንዶም እንደሚከላከልም ነግራናለች፤ ይሄን ለእርስዎ ስጽፍ አፈርኩ፣ ልፈር።

ዳኛቸው ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም፤ ማን ለማን እንደሰጠም አልፈርድም። የደም ቴስት አድርግ፣ እኔው መኪናዬን ድራይቭ አድርጌ ልውሰድህ ብዬ ለመንኩት። በሽተኛ ልታደርጊኝ ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ። እዚህ ያለው ያገራችን ሰው ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ፣ ጋሼ መኩሪያ ዘንድ ብሄድ፣ የሟች ስም አታንሺ፣ የሰው ሠርግ አታፍርሺ አሉኝ። ጨዋነት ይሄ ከሆነ ይቅርብኝ! በሽታው እግር የለውም፤ አዝሎ የሚያዞረው የኛ ይሉኝታ ነው።

እናንተም ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ዘመድ አለመሆኑን አጣርታችኋል። ደሙን ግን ማን ጠየቀ? የምርመራውን ውጤት ሳያሳይ እንዳትልኳት፣ በእናታችን አጥንት ይዤዎታለሁ።

የጋሼ ግዛውን ጉልበት ይሳሙልኝ። ልጅዎን ክፍሉን ትምህርቱን እንዳይተው ይንገሩልኝ። እማማ አልታዬን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ለሠናይት ይሄን ደብዳቤ ለብቻዋ ያንብቡላት። ቀንታብኝ ነው፣ ሠርጌን አፈረሰች ብላ ትጠላኝ ይሆናል። ትጥላኝ። ብቻ ትኑርልኝ።

እህትዎ ሰገነት

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.