እናትህ እሁድ ስትመጣ

ቀጮ፣

አባዬ ግቢው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ረጅም አልጽፍም።

የመኝታ ክፍላችን መስኮት ወደ ላይ ካላነሳኸው አይዘጋም። አልጋህን ከነገ ጀምሮ ራስህ አንጥፍ። እስካሁን ያነጠፍኩልህ አንድ አልጋ ሳይነጠፍ ከተገኘ ሁለታችንንም ስለሚቀጡን እንጂ ወድጄህ አይደለም።

የሳጥኔን ትርፍ ቁልፍ የሰጠሁህ መጽሐፍ እንድታስቀምጥበት ነበር። አንተ ስልክህን ደበቅክበት፣ ስልክ የተገኘበት እንደሚባረር እያወቅክ!

ዳይሬክተሩ ከሳጥኔ የተገኘውን ስልክ ይዘው ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት «የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ጫማህን ታይ ነበር። እኔ በጓደኛዬ አላሳብቅም ብዬ ዝም አልኩ። አንተን ምን ያዘህ? ልብሴን ስሸክፍ እንኳን ብቅ አላልክም።

እሁድ እናትህ ልትጠይቅህ ትመጣለች። የእኛ ቤት ሩቅ ስለሆነ ጠያቂ እንደሌለኝ ታውቃለች። ለአንተ ካልሲ ስትገዛ ለእኔም ሳትገዛ ቀርታ አታውቅም። «ያኛው ልጄስ የት ሄደ?» ማለቷ አይቀርም።

ለዳይሬክተሩ ያልነገርከውን ለእሷ ንገራት። ጫማህን ሳታይ፣ ዓይኗን እያየህ።

የእኔን ካልሲ ደግሞ እንዳታደርገው።