ማሩን እምቢ ማለት

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ከረመዳን ወዲህ ከፈቲያ ጋር እንደ ባልና ሚስት መሆን አቅቶኛል። ጫቱ ነው ብዬ ተውኩት፣ ለውጥ የለም። አብሮኝ ይቅም የነበረው ጀማል፣ "ወላሂ፣ ማር በጥቁር አዝሙድ ጠዋት ጠዋት ብላ፣ ይመለስልሃል" ስላለኝ ከሐርላ ማር አስመጥቼ እየዋጥኩ ነው።

ዛሬ ከዚራ ሰፈር ያለ ፋርማሲ ገብቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለባለሙያዋ ነገርኳት። "ውሃ ይጠማሃል?" አለችኝ። ሳቅሁ። ድሬ ላይ የማይጠማው ማነው? "ሽንትስ ቶሎ ቶሎ ይመጣሃል?" ስትለኝ ግን ሳቄ ጠፋ። አባቴም ስኳር በሽታ እንዳለበት ሳያውቅ "ሙቀቱ ነው" ይል ነበር፣ እግሩ እስኪቆረጥ ድረስ።

"ስኳር ሊሆን ይችላል። ማሩን አቁም፣ ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ተመርመር" አለችኝ።

ከዚያ ጀምሮ እግሬን ደጋግሜ እያየሁ ነው። ዛሬ ትንሽ የደነዘዘኝ መሰለኝ፣ ወይም ፍርሃቱ ነው።

ማሩን ለምን እንደምበላ ለፈቲያ ነግሬያት አላውቅም። ቤት ስገባ ግን መሬት መሬት እያየች፣ "ማርህ ሊያልቅ ስለሆነ ሌላ አስመጣሁልህ። ከነገ ጀምሮ እኔው አጎርስሃለሁ" አለችኝ።

ለካ ታውቃለች። ለካ እሷም ተስፋዋን እዚያ ማር ላይ ጥላለች።

ጠዋት ማንኪያውን ስትዘረጋልኝ ምን ብዬ ነው እምቢ የምላት?