አመዳይ ያልነካው ጎመን

ውዷ ባለቤቴ ስንዱ፣

ከተለያየን አንድ ክረምት አልፎ፣ ሰሊጡ ታጭዶ፣ አሁን የጥር ብርድ ገብቷል። ብርድ ስል ትስቂብኝ ይሆናል፤ የመተማ ብርድ ማለዳ ነጠላ አስደርቦ ረፋዱ ላይ የሚያስወልቅ ነው። ቢሆንም ዘንድሮ ያችን ትንሽ ብርድ አመስግኛለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ልቤ ከብዶት አይደለም፤ ቀለል ስላለው ነው።

እናትሽ እዚሁ ከእኔ ጋር ናቸው። ለቀብርሽ ከዳባት እንደወረዱ አልተመለሱም። ወንድምሽ ከጎንደር እየደወለ "እማዬን ላክልኝ" ቢለኝም "ልጄን ቆላ ጥዬ አልሄድም" ብለው ቀሩ። እንዴት እንደምንተፋፈር ታውቂያለሽ። አንቺ መሃላችን ሆነሽ ስታስቂን ነበር አብረን የምንቆርሰው። አንቺ ስትሄጂ ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር አንገታችንን ደፍተን ቀረን። ትራክተር ስነዳ ውዬ ስመለስ እራቴ ተከድኖ ይጠብቀኛል፤ እሳቸው "እኔ በልቻለሁ" ይሉኛል። እንዳልበሉ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀሚሳቸው ከትከሻቸው ይንሸራተት ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ ነርሷ መርምራ "ሕመም የለባቸውም፣ ብቻ ይብሉ" አለችኝ። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ክብደት የላቸውም ነበር። ስንዱ፣ ፈራሁ። ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሰው የምቀብር መሰለኝ።

ሥጋ ገዛሁ፣ ከጠረፍ ማዶ የመጣ ተምር ገዛሁ፤ ቀምሰው ይተዉታል። ያማራቸውን ሲናገሩ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ለጎረቤታችን ነበር የነገሯት። "የዳባት ጎመን አመዳይ ከመታው በኋላ እንደ ማር ይጣፍጣል። የዚህ አገሩ እሬት ነው" አሏት።

ያን ጊዜ ዘርሽ ትዝ አለኝ። ባሕር ዳር አትክልት እርሻ የምትሠራው ጓደኛሽ የሰጠችሽ፣ በግንዱ ዙሪያ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንንሽ ጥቅል የሚያወጣው፣ የብራሰልስ ጎመን ያልሽኝ። ሚያዝያ ላይ ተክለሽው ፀሐይ ጠበሰው፤ የተረፈውን ቀቅለሽ ብንቀምሰው ከመምረሩ የተነሣ ለፍየሏ ሰጠናት፣ እሷም አሽትታ ተወችው። እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። "ዘሩ ምን አደረገ፣ ወራቱ ነው ያልሆነው" ብለሽ ግማሹን አስቀመጥሽ።

እኔ መስከረም መጨረሻ ላይ በጥላ ሥር ዘራሁት፤ ችግኙን ኅዳር ሲገባ ወደ ጓሮ አዛወርኩት። እናትሽ በር ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር እንጂ አይናገሩም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሳጠጣ ግን አላስቻላቸውም።

"አንተ ልጅ፣ ሥሩን ልትቀቅለው ነው? ማለዳ አጠጣው።"

ካረፍሽ ወዲህ ሳልጠይቃቸው የተናገሩኝ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ የበሰበሰ የፍየል ፍግ አስጨመሩኝ፤ አፈሩን በማሽላ አገዳ አስሸፈኑኝ። ከአሮጌ የሰሊጥ ጆንያ ዳስ ሠራሁለት። በየማለዳው አህያ የሚጎትተው የውሃ ካሮ ሲመጣ እኔ እቀዳለሁ፣ እሳቸው በጣሳ ያጠጣሉ። "ጎመን ከጠማው ይመራል" ይሉኛል። ትሉን አንድ በአንድ በጣታቸው ይለቅሙ ነበር።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ቁልፎቹ ብቅ አሉ፤ ነገር ግን ሙቀቱ አላስጠቀለላቸውም፣ ተበትነው ቀሩ። ተናድጄ ልነቅለው ተነሣሁ። እናትሽ መሃል ገብተው ከለከሉኝ።

"ባይጠቀለል ጎመንነቱ ይቀራል? ብርዱን ጠብቅለት።"

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ዞሮ አየሩ ቀዘቀዘ። ፀሐይ ሳትወጣ ራሳቸው ወጥተው ለጋ ለጋውን ቅጠልና የተበተነውን ቁልፍ ቀጠፉ። በሰሊጥ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ ብዙ ሳያቆዩ ከእሳት አወረዱት። ቀመስኩት። ማር አይደለም፤ የዳባትንም አያህል ይሆናል። ግን ምሬቱ የለም፣ ይጣፍጣል። እሳቸው ቀመሱ፣ እንደገና ቆረሱ። ከዚያ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡ። አጉርሰውኝ አያውቁም ነበር።

"ብላ፤ አንተም ከስተሃል" አሉኝ።

ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላን። እኔ ግን እጄን ልታጠብ ብዬ ወጥቼ፣ አጥሩን ተደግፌ በረጅሙ ተነፈስኩ።

ከዚያ ወዲህ ይበላሉ፤ ጎመኑን ብቻ ሳይሆን ያገኙትን ሁሉ። ለጎረቤትም ቀጥፈው ይሰጣሉ። ሙቀቱ ሲበረታ ወንድምሽ ዘንድ ሰንብተው ለዘር ጊዜ ሊመለሱ ተስማምተናል። እኔም ቤቱን ዘግቼ ለእርሻ ሥራ አብደራፊ ልገባ የነበረኝን ሐሳብ ትቼዋለሁ።

አሁን ስንበላ ስለ አንቺ ያወሩልኛል። ልጅ ሳለሽ ነጎድጓድ ስትፈሪ ታንጎራጉሪ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ እኮ ክረምት በገባ ቁጥር በዚህ ቆርቆሮ ሥር ስታንጎራጉሪ ደስ ብሎሽ ይመስለኝ ነበር። ከእንግዲህ የማስታውሰው እኔ የማውቃትን ስንዱን ብቻ አይደለም፤ እሳቸው ያሳደጓትንም ነው። ዘንድሮ ነጎድጓዱ ሲጀምር እኔ አንጎራጉርልሻለሁ። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ቻይው።

ባለቤትሽ