ሰዓዳ የት ትውለድ

ሰኞ

ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። እንጨት እፈልጣለሁ። ፀጉሬን ራሴ እላጫለሁ። ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ፤ የምቆመው ለሰው ሰላምታ ለመስጠት ብቻ ነው። ባለቤቴ ፋጡማ ከሞተች ወዲህ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ፤ ጨው አይበዛበትም። የሚያደክመኝ መጻፉ ነው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ዝጓል። ቢሆንም ሰሞኑን ደረቴ ውስጥ የሚዘለው ነገር ስለበዛብኝ ቁጭ ብዬ መጻፍ አሰኘኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ልጄ ሰዓዳ ልትወልድ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ እዚያው አግብታ፣ ሆዷ ሲገፋ ወደ እኔ መጣች። ባሏ እንድሪስ እዚያው ቀርቷል፤ መኪና ይነዳል። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ስትሄድ ስትመጣ ቤቱ ሰው ሰው ሸተተ።

ክርክሩ የት ትውለድ ነው። ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚሉት ቤት አለ። መንገድ የሚርቃቸው ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ ገብተው ይቀመጣሉ። ቤተሰብ ዱቄት ይዞ ይሄዳል፤ ምጥ ሲመጣ አዋላጇ አጠገባቸው ናት። ሰዓዳም የምትከታተለው እዚያው ነው። እንድሪስ ግን ስልክ በደወለ ቁጥር ደሴ ሆስፒታል ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። እኔ ከሐይቅ ጋር ነኝ። ሐይቅን አውቀዋለሁ፤ በእግሬም እደርሳለሁ። ደሴ ሆስፒታል አንዴ ሰው ልጠይቅ ገብቼ መውጫው ጠፍቶኝ ስዞር ውያለሁ። ይህን ለእንድሪስ አልነገርኩትም። አንተ መኪናህን ንዳ፣ ልጄ የት እንደምትወልድ እኔ አውቃለሁ አልኩት። ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፤ ሳቁ ግን አናደደኝ።

ማክሰኞ

ቃሬዛ ጀመርኩ። ከቤታችን እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ባጃጅ አይወጣውም። የታመመም፣ ምጥ የያዛትም በቃሬዛ ነው የሚወርደው። ተሸካሚው የቅሬያችን፣ የዕድራችን፣ ወንድ ሁሉ ነው፤ ለቀብር የሚወጣው ያው ለምጥም ይወጣል። ቅሬው ያለው ቃሬዛ ግን አንድ ብቻ ነው፤ በቅርቡ ሬሳ ሸኝተንበታል። ልጄን እሱ ላይ አላስተኛትም።

ሁለት ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ቆረጥኩ። ጠፍሩን ነክሬ፣ እንደ አልጋ ወጥሬ ጠላለፍኩት። በዚህ ሰፈር እንደኔ ጠፍር የሚወጥር የለም፤ ያለ ይምጣ።

የቅሬው ዳኛ ያሲን ሲያልፍ ቆሞ አየና፣ አያ ሰይድ፣ ይሄ ለምጥ ነው ለሙሽራ? አለኝ። ለሰዓዳ ነው፤ ካስፈለገ ከፊት በስተቀኝ የምይዘው እኔ ነኝ አልኩት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ አንቱ እኮ ስምዎ ከትከሻ፣ ከተሸካሚዎቹ መዝገብ፣ ወርዷል፤ በዱዓ ይርዱን ተብሎ አልተወሰነም? አለኝ።

ስሜ ወርዶ ይሆናል፤ ትከሻዬ ቦታው ላይ ነው አልኩት።

ሰዓዳም ከበሩ ብቅ ብላ ሳቀችብኝ። አባዬ፣ ምን ያለፋሃል፣ ማቆያው የተሠራው እኮ በቃሬዛ እንዳልሄድ ነው፤ ቀድሜ በእግሬ እገባለሁ አለች። እውነቷን ነው። እጄ ግን ሥራ ከያዘ አይለቅም።

ረቡዕ

ከሰዓዳ ጋር ሐይቅ ወረድን። እሷ ቀስ እያለች፣ እኔ ዱላ ይዤ። ዱላው ለውሻ ነው።

ማቆያውን ገብቼ አየሁት። ወደድኩት፤ አልዋሽም። አልጋዎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ውጭ የጋራ ማድቤት አለ፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይገባል። ከአምባሰል የመጣች አንዲት ክርስቲያን ነፍሰ ጡር አገኘን። በሰላም ከተገላገልኩ ግሸን እወጣለሁ ብላ ተስላለች። ወዲያው ከሰዓዳ ጋር እንደ እህትማማች ሆኑ፤ እግራቸውን አስተያዩ፣ የማን ይበልጥ አብጧል ተባባሉ። እኔ መስኮት ሥር ያለውን አልጋ መረጥኩ። በዱላዬ መታ መታ አድርጌ፣ ይሄ የሰዓዳ ነው አልኩ። ለገንፎው ዱቄት በምን እንደማመጣ ሁሉ አሰብኩ።

አዋላጇ ሲስተር ትርንጎ ሰዓዳን አስተኝታ ሆዷን ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ከዚያ፣ አባባ ይግቡ አለችኝ።

የልጁ ራስ ወደ ላይ ነው፣ መቀመጫው ወደ ታች። ለእሷ የመጀመሪያዋም ነው። እዚህ አላዋልዳትም፤ ቢያስፈልግ ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ቦታ መሆን አለባት፤ ደሴ ትግባ፤ ምጥ እስኪመጣ ቤት አትቀመጥ አለች።

ሲስተር፣ እኔ እኮ ግልገል በሆዷ የተጣመመባትን በግ በዚህ እጄ አቃንቼ አዋልጃለሁ አልኳት።

አባባ፣ በግ ብትሞት ሌላ በግ ይገዛሉ አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ልቤ አልተቀበለም። በባጃጅ እስከ ዳገቱ ሥር ተመለስን። ቤት ስንደርስ እንድሪስ ደወለ። ብዬ ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አይዞዎት አባባ፣ አላህ ያግዘናል አለኝ። በዚህ ይበልጥ ተናደድኩ።

ሐሙስ

የሰፈሩ እናቶች ለሰዓዳ ዱዓ ሊያደርጉ መጡ። ንፍሮ ይዘው፣ ሰዓዳን መሐል አስቀምጠው፣ ያረቢ አንተ አዙረው፣ ያረቢ አንተ አቃናው እያሉ ለመኑ። እኔ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፌ አሚን እላለሁ። ድምፄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ሲበተኑ ሰዓዳ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። አባዬ፣ ዱዓህ ለኔ ነው ወይስ ክርክሩን እንድትረታ? አለችኝ።

ይህች ልጅ ምላሷ የእናቷ ነው።

ቀጠለች። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፤ ሳትመርቀኝ ግን ከዚህ ደጅ አልወጣም፤ ጅዳም መርቀኸኝ ሄጄ በሰላም ገብቻለሁ፤ አኩርፈህብኝ ምጥ አልገባም አለች። ይህን ብላ ገባች።

እንጨት መፍለጥ ጀመርኩ። የሚፈለጠው አለቀ። የተፈለጠውን ደግሜ ፈለጥኩ። ያ መስኮት ሥር ያለው አልጋ ዓይኔ ላይ ይመጣል፤ የሲስተሯ ነገር ደግሞ ጆሮዬ ላይ። ፋጡማ ብትኖር፣ ሰውዬ፣ ደሴ ምን አደረገህ? ትለኝ ነበር። ምንም አላደረገኝም። መውጫው ነው የጠፋኝ። ልጄን ከደሴ የማስቀራት ለዚህ ነው? መጥረቢያውን ጣልኩት።

ገባሁ። እጄን ዘረጋሁ። ደሴ ሂጂ አልኩ። አንድ ሆነሽ ወጥተሽ ሁለት ሆነሽ ግቢ። ጭንቅሽን ያቅልልሽ። ሰው የሚሆንልሽ ሰው ያገናኝሽ። አሚን አለች፤ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከአፍህ እስኪወጣ እንዴት ይከብዳል አቦ! አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

ነገ በጠዋት እንወጣለን። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ቆሟል። ጠፍሩ ደርቆ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይላል። ባያስፈልግም ያምራል።

ጁምዓ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ፊደሌ ቢጣመም አይገርምም።

ሱብሂ ሰግጄ ስመለስ ሰዓዳ ወገቧን ይዛ ቆማለች። አባዬ፣ ውሃው ፈሰሰ አለች። ለያሲን ደወልኩ። ሰዉ ገና ከመስጊድ አልተበተነም ነበር፤ መላው ቅሬ ግር ብሎ መጣ። ሰዓዳ ደግሞ ለሲስተር ትርንጎ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። አምቡላንስ እልካለሁ፣ መንገድ ድረስ አውርዷት፣ እንዳትገፋ በሏት አለች።

አዲሱ ቃሬዛ ወጣ። አየሁ፣ ኮራሁ። አራት ጎረምሶች ትከሻቸው ላይ አደረጉት። እኔ ከፊት በስተቀኝ ልይዝ ስል ያሲን ክንዴን ያዘኝ፤ አያ ሰይድ፣ ዛሬ አይሆንም አለኝ። ለመጨቃጨቅ ጊዜ አልነበረም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሰዓዳ ጮኸች። ምጡ መስሎኝ ነበር። መንሸራተቷ ነው። ያ የኮራሁበት ጠፍር! አልጋ ሜዳ ላይ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ይወጠራል። የቃሬዛ ጠፍር ግን ረገብ ብሎ ሰውን እንደ አንቀልባ ማቀፍ አለበት። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ማማሩን ስመለከት ረሳሁት። እግሯን አስቀድማ ወደ ታች ትሄዳለች፤ የምትይዘው የላትም። በነጠላ እንሰራት አሉ፤ ሆዷ ነው፣ የት ላይ ይታሰራል? አሮጌውን እናምጣ አሉ፤ ማን ዳገቱን ወጥቶ ይመለሳል?

ሳላስበው ከፊት በሁለቱ አጣናዎች መካከል ገባሁ። ጀርባዬን ሰጠኋት። እግርሽን ትከሻዬ ላይ አሳርፊ አልኳት። አባዬ፣ ትወድቃለህ አለች። አሳርፊ አልኩ።

አሳረፈች። ያሲን አየኝና ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረ። በሉ ቀስ፣ ከአያ ሰይድ እርምጃ ጋር ብቻ አለ።

እንዲህ ወረድን። ሲያማት ተረከዟ ትከሻዬን ይጫናል፤ ሲለቃት ይላላል። ማንም ሳይነግረኝ ምጡ ሲመጣና ሲሄድ አወቅኩ። ሲጫነኝ ቁሙ እላለሁ፣ ይቆማሉ። ሲላላ ሂዱ እላለሁ፣ ይሄዳሉ። ሁለቴ ድንጋይ አዳለጠኝ፤ እኔና እሷ ብቻ ነን ያወቅነው። እሷ ስታቃስት ሰዉ ያረቢ ይላል፤ ከመሐል አንዱ፣ ሴት ከሆነች ስሟ ቁልቁለት ይሁን አለ። በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሰዓዳ ሳቀች፤ ሳቋ እስከ አንገቴ ተሰማኝ።

አምቡላንሱ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። እኔም ገባሁ። ሐይቅ ስንደርስ ሲስተር ትርንጎ ጤና ጣቢያው በር ላይ እየጠበቀች ነው። ገብታ መረመረቻት። የማቆያው ጣሪያ በመስኮት ይታየኛል። ሹፌሩ ዞሮ፣ እዚህ እንግባ ወይስ እንቀጥል? አለ። ሲስተሯ አፏን ሳትከፍት እኔ፣ ደሴ ንዳ! አልኩ። ዞራ አየችኝ። ጊዜ አለን፣ እሺ፣ እንደ አባባ አለች። እሷም አብራን መጣች።

ሆስፒታል እንደደረስን ወዲያው አስገቧት። ኦፕራሲዮን ነው ተባለ። ሰዓዳ ፈርማለች፤ የቤተሰብም ፊርማ አሉ። ነርሷ የጣት ቀለሙን አቅርባ፣ አባባ፣ ጣትዎን እዚህ አለችኝ። እስክሪብቶ ስጪኝ አልኩ። ሰይድ ብዬ ጻፍኩ። ዘገየሁ፤ ግን ጻፍኩ።

አሁን በሩ ተዘግቷል። ሲስተር ትርንጎ ውስጥ ናት።

ቅዳሜ

ሴት ናት። አልሐምዱሊላህ። ሴት ናት።

ትናንት ስጽፍ የሰዓዳ ቤተሰብ ብለው ጠሩኝ፤ ደብተሬን አጥፌ ሄድኩ። ሲስተር ትርንጎ ራሷ ወጣች። ሁለቱም ደህና ናቸው አባባ፤ እዚያ ብንቀር ኖሮ እንጃ አለችኝ። ይህን እንጃ ሌሊቱን ሙሉ ስሰማው አደርኩ።

ዛሬ አሳዩኝ። ቀይ ናት፣ ቁጡ ናት፣ አፏ የፋጡማ ነው። ለሰዓዳ የገብስ አጥሚት ፍቀዱ አልኩ፤ ጠብቁ አሉኝ፤ ጠበቅኩ፤ ተፈቀደ። ከሆስፒታሉ አጠገብ ያለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴትዮ ምድጃዋን ሰጠችኝና ራሴ ሠራሁት። ሰዓዳ ቀምሳ፣ ጨው የለውም አለች። አይበዛበትም ማለቷ ነው።

መውጫውንም አወቅኩት። ከወላዶች ክፍል ወጥተህ ቀኝ፣ ከዚያ የልብስ ማስጫውን ይዘህ ቀጥ ነው። አንድ የላስታ ሰው ጠፍቶት ሲዞር እኔ ነኝ እስከ በር የሸኘሁት።

እሁድ

ሲስተር ወደ ሐይቅ ተመለሰች። ሰዓዳ ተነስታ ጥቂት ተራመደች፤ ስፌቱ ያማታል። ሕፃኗ ትንሽ ቢጫ ሆናለች አሉ፤ ያዩዋታል፤ ብዙ አያሳስብም አሉ። እኔን ያሳስበኛል።

ትከሻዬ ላይ ሁለት ሰማያዊ ሰንበር አለ፤ ተረከዟ ያረፈበት። ለነርሶቹ አላሳየሁም። አያስፈልግም።

ያለብኝን ዕዳ ግን ልጻፈው፤ ልጆቼ ይክፈሉልኝ ብዬ የምተወው አይደለም። እንድሪስን በስልክ ትክክል ነበርክ እለዋለሁ፤ ዛሬ ልለው ብዬ መስመሩ ጥሩ አልነበረም፤ ነገ እለዋለሁ። ለሲስተር ትርንጎ ማር ይዤ ሐይቅ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ስለ በጉም ነገር እንስቃለን። ያቺ የአምባሰል ልጅ መስኮት ሥር ያለውን አልጋ ትያዝ፤ ይሄ የሰዓዳ ነው ብዬ በዱላዬ መትቼ የከለከልኳት ይመስለኛል። በሰባተኛው ቀን ለሕፃኗ ስም ማውጫ የአቂቃውን በግ የማርደው እኔ ነኝ፤ ቢላዋውን ማንም አይነካብኝም። ለቅሬው ደግሞ ቃሬዛውን እሰጣለሁ፤ ሬሳ እንዳይወጣበት፣ ለምጥ ብቻ ተብሎ። ያሲን ስሜን ወደ ትከሻ ይመልሰው እንደሆነ አልጠይቀውም። ራሱ ካላሰበ ይቅር።

ከሁሉ በፊት ጠፍሩን ማርገብ አለብኝ። ሰዓዳ ስትወጣ ስፌቷ ገና ነው፤ ያንን ዳገት በእግሯ አትወጣውም። ነገ በጠዋት ቤት ደርሼ፣ ነክሬ፣ ፈትቼ፣ እንደ አንቀልባ አድርጌ መልሼ እሠራዋለሁ። ሲደርቅ ከበሮ እንዳይል።

የምትወጣበትን ቀን ገና አልነገሩንም። ቁልቁለቱን ወርደናል። ዳገቱ ይቀራል።