ሰላጣዬ የጠጣው የማለዳ ውሃ

ለተከበሩ የሶልጎል መንደር ሹም፣ ለአቶ ፒዮ ዶንግሹል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ብርዱ ሲጠና ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ስለማውቅ ከሥሩ እሳት የሚነድለት የቤትዎ ወለል ሙቀት እንዳይጓደል፣ ባለቤትዎም እንደ ወትሮው በጤናና በሳቅ እንዲውሉ፣ ከዚያም በላይ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉት ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎችዎ ጉንፋን ሳይነካቸው ይህን ወቅት እንዲሻገሩ ከልቤ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ልሰጥዎ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ቤትዎ ብመጣ የዝንጅብል ሻይ አቅርበው፣ የልጅ ልጆቼን ጤና ጠይቀው፣ የመጣሁበትን ሳልናገር በክብር እንደሚሸኙኝ ከልምድ አውቃለሁና፣ ሁላችንም ጫማችንን በምናወልቅበት በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ክር ሊፈታ ያጎነበሰ ሁሉ ሳያነበው እንዳያልፍ ብዬም ዝቅ አድርጌ ነው የለጠፍኩት።

አንደኛው ቅሬታዬ የላስቲክ ቤት ምርጫን ይመለከታል። ከርእሰ መምህርነት ጡረታ ወጥቼ ከከተማ ወደዚህ መንደር በገባሁ በወሩ፣ በጓሮዬ ለቤት ፍጆታ የሚሆን አትክልት ማብቀያ የላስቲክ ቤት ላቆም ማሰቤን ሰምተው፣ ሳልጠራዎ መጥተው ጓሮዬን በእርምጃ ለኩልኝ። «መምህር፣ ለሁለት አፍ ስምንት እርምጃ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ንጣፍ ወፍራም ላስቲክ፣ ጠንከር ያለ ቀስት ብረት፣ ከዚህም ከዚያም ጫፍ በር። አየር ካልወጣ ካልገባ ቅጠሉ ይሻግትብዎታል» አሉኝ። አመስግኜ ሸኘሁዎትና ሠላሳ እርምጃ የሚረዝም፣ ባለ ሁለት ንጣፍ ላስቲክ ቤት አዘዝኩ። በቤቴ ያለነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ስንሆን እሷም ሰላጣ አትወድም። እንግዲህ የእኔን ሞኝነት ትቼ ወደ እርስዎ ጥፋት ስመለስ፣ ብረቱ ከመኪና ሲወርድ «ኧረ ይሄ ነገር ያስተዛዝበናል» ብለው መጮህ ሲገባዎ፣ «እንደወደዱ፣ መምህር» ብለው በዚያ በሚያምዎት ጉልበት ብረቱን አብረውኝ ተሸከሙ። ለዚህ ትብብርዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛው ውሃ አጠጣጥን ይመለከታል። ይህንንም ሳልጠይቅዎ አስተምረውኛል። በብርድ ወራት አትክልት ብዙ እንደማይጠጣ፣ በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ ፀሐይ ላስቲኩን ካሞቀችው በኋላ ከሥሩ ብቻ፣ ያውም በሦስት ቀን አንዴ ቢያገኝ እንደሚበቃው ነግረውኛል። እኔ ግን ከታች ሜዳ ላይ ለገበያ እንጆሪ የሚያመርቱት ሰዎች የሚያደርጉትን አይቼ ነበር። እነሱ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በብርድ ጊዜ ለብ ያለ ነውና፣ በሁለቱ ላስቲኮች መካከል ሌሊቱን ሙሉ እየረጩ ውርጩን ይከላከላሉ። ይህ የትላልቅ አምራቾች ዘዴ ለአንድ ጡረተኛ ሰላጣ ያንሳል እንጂ አይበዛም ብዬ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ሞተር ገዛሁ፣ ከጀምበር ግባት እስከ ፀሐይ መውጫ ረጨሁ። የተረጨው ውሃም ሰላጣዬን አሙቆ በቦይ ወደ መንገድ እየፈሰሰ ባከነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን የጣልኩት የራሴን ብብት አልነበረም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ጎረቤቴ ስለ እማማ ሃምፒዮንግ ነው። በመንደራችን ያገባች ሴት በተወለደችበት አገር ስም ነው የምትጠራው፤ እሳቸውም ሙሽራ ሆነው ከሃምፒዮንግ ከመጡ ስልሳ ዓመት ቢያልፍም እስከ ዛሬ ሃምፒዮንግ ናቸው። ከላይኛው ሰፈር አሮጌ ጉድጓድ በቧንቧ ውሃ የሚያገኙ ሦስት ቤቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ሰው አልቆባቸው ከተዘጉ ቆይተዋል። ስለዚህ የአዲሱ ጉድጓዴ ሞተር ከመሬት ሥር የአሮጌውን ጉድጓድ ውሃ መሳብ ሲጀምር የውሃውን መጥፋት ያወቁት በዓለም ላይ አንዲት የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ብቻ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ሩዝ ሊያጥቡ ቧንቧ ሲከፍቱ የለም፤ ሞተሬ አርፎ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ይመጣል። ይህንኑ አዳራሽ ውስጥ ቢናገሩ፣ እኔም ባለሁበት፣ «ውሃውም እንደ ሰው የጠዋት እንቅልፍ ጀመረው እንዴ፣ እማማ?» ተብሎ ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጃቸው ኪዩሶፕ ከከተማ መጣ። የመጣው ግን በእሑድ ቀትር ነበርና ቧንቧውን ሲከፍተው ፏፏቴ ሆነበት። ዘግቶ ከፈተ፣ ዘግቶ ከፈተ። እናቱ ለማለዳ ይሆነኛል ብለው ድስቱን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ጎድጓዳ ሳህኑን፣ የአበባ ማሰሮውን ሳይቀር በየቀኑ ጀምበር ሳትጠልቅ ውሃ እየሞሉ በቤቱ ሁሉ ደርድረው አገኘ። በቤቱ ውስጥ ከዚያ የበለጠ የጤነኛ ሰው ሥራ አልነበረም። እሱ ግን የእናቱ የመርሳት በሽታ የለየለት መሰለው። ጎረቤት ነኝ፣ የተማርኩም ነኝና ለእኔ ደወለ። «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እናቴ ጤነኛ ናት?» አለኝ። «ዕድሜ ነው፣ ልጄ» አልኩት፤ «ሰሞኑን አንድ ነገር ይደጋግማሉ። ራስህን አትውቀስ።» አለቀሰ፤ አመሰገነኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በከተማ የአረጋውያን ማቆያ ቦታ አግኝቶላቸው የፊታችን ቅዳሜ ሊወስዳቸው ይመጣል።

አራተኛው ቅሬታ ከሁሉ የሚከብደው ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት መጥተው የእማማን ቧንቧ በእጅዎ ነካ ነካ አደረጉ፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው በቦዬ የሚፈሰውን ውሃ በሁለት ጣትዎ ቀመሱና ቀና ብለው ላስቲኬን፣ ቀጥሎም በር ላይ የቆምኩትን እኔን አዩ። ያን ጊዜ እንዳወቁ አውቃለሁ። ያሉኝ ግን «ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል፣ መምህር» ብቻ ነበር። በማግስቱ ድምፅ ማጉያዎ ከእንቅልፋችን ቀሰቀሰን። «እህም፣ እህም... ይሰማል? የተከበራችሁ ነዋሪዎች እንዴት አደራችሁ። ውሃ እንቆጥብ እንጂ ጎበዝ። ማንንም ለማለት አይደለም። ደግሞ የአቶ ዎን ቢጫ ውሻ ተፈቶ ዶሮ እያሳደደ ነው፤ አቶ ዎን፣ ኧረ እሰሩልን!»

የውሻው ባለቤት ስም ነበረው። የሰላጣው ባለቤት ግን «ማንም» ሆነ። እኔም ሻዬን ይዤ፣ ይህ ውሃ የሚያባክን ባለጌ ማን ይሆን እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ታላቄ ናቸው፣ የተማሩ ናቸው፣ ሰው ፊት አላዋርዳቸው ብለው ለእኔ ያሳዩት ይሉኝታ እጅግ የከበረ ነው፤ ብቻ ዋጋውን የከፈሉት እማማ ሃምፒዮንግ ናቸው። የእርስዎ ይሉኝታና የእኔ ኩራት ተጋግዘው አንዲትን አስተዋይ ሴት አሳበዱ።

አምስተኛውን የማቀርበው ለእርስዎ ቢሆንም ቅሬታው በእርስዎ ላይ አይደለም። በዚህ በብርዱ መሀል ከሚውለው የጨረቃ አዲስ ዓመት በፊት ሞተሬ ተቃጥሎ ሁለት ቀን ቆመ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ እማማ ሃምፒዮንግ እጃቸው ሩዝ እንዳጠበ በሬን አንኳኩ። «መምህር! ውሃው ዛሬም በጠዋት መጣ! አየህ? አላበድኩም እኮ!» አሉኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ አልገባኝም ብዬ ልምል የምችልበት ቀዳዳ አልቀረልኝም። ቢሆንም ሞተሩን አስጠግኜ እንደገና አስነሳሁት። የልጅ ልጆቼ ለበዓል ሊመጡ ነበርና፣ በውርጭ መሀል ባበቀልኩት ሰላጣ ሥጋ ጠቅልዬ ላጉርሳቸው፣ «አያታችን ጉደኛ ነው» እንዲሉኝ ፈልጌ ነው። አምስት ቀን እያወቅሁ ረጨሁ። ልጆቹም እንደተመኘሁት አሉኝ። እማማ ግን ተመልሰው አላንኳኩም፤ ከዚያ ወዲህ ራሳቸውም ራሳቸውን ማመን ትተዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ልጆችን «ያጠፋ ሰው እጁን ያውጣ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አፈርኩ፣ አቶ ፒዮ። መስታወት ፊት ቆሜ ጢሜን መላጨት አቅቶኛል።

ትናንት ለኪዩሶፕ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «መምህር፣ ለእናቴ አዝነው እንደሆነ ይገባኛል። እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። አሁን እውነቱን ስነግረው ያላመነኝ፣ ያኔ ስዋሽ ስላመነኝ ነው። ስለዚህ የሚታመን ሰው ያስፈልገኛል፤ በመንደሩ ማኅተም ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ልመናዬ አጭር ነው። ኪዩሶፕን በሹምነትዎ ጠርተው ዓርብ ማታ እናቱ ቤት እንዲያድር ያድርጉልኝ። እኔ ሞተሩን ለመጨረሻ ጊዜ አስነሳዋለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ እሱ በገዛ እጁ ቧንቧውን ይክፈት፣ እርስዎም አጠገቡ ይቁሙ። ሞተሩን ሳጠፋው ውሃው ተመልሶ እስኪመጣ ሦስታችንም እማማ ፊት ቆመን እንጠብቅ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ድምፅ ማጉያዎን ከፍተው «ውሃውን የወሰደው መምህር ሜንግ ሂቴ ነው፤ እማማ ሃምፒዮንግ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው» ይበሉልኝ። ሁለት ጊዜ ይድገሙት፤ አቶ ዎን ጆሯቸው ከብዷል። ከቻሉ ደግሞ በእኔ ስም አጠገብ የእርስዎን ዝምታም ቢጠሩት፣ ማጉያው የሚችለው ይመስለኛል።

ለረጅም ትዕግሥትዎ፣ ለለሰለሰ አንደበትዎ፣ እኔን ላለመንካት ላደረጉት ከባድ ጥንቃቄ እጅ ነስቼ የማመሰግን፣ ከእንግዲህም «ማንም» ተብዬ እንዳልጠራ አጥብቄ የምማጸን፣

የሠላሳ እርምጃ ላስቲክ ቤት ባለቤት፣
ሜንግ ሂቴ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በበዓሉ ዋዜማ ለእማማ ሃምፒዮንግ አንድ እቅፍ ሰላጣ ሰጥቻቸው ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀብለው «በዚህ ብርድ እንዲህ ያለ ቅጠል! እጅህ ይባረክ» አሉኝ፤ በማግስቱም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ በበርበሬ ያብላሉትን የጎመን ኪምቺ ላኩልኝ። በመንደራችን የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ሳህኑ ታጥቦ መደርደሪያዬ ላይ ከተቀመጠ ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ ምን ሞልቼ እንደምመልሰው ጠፍቶኛል። ውሃ እንዳልሞላው፣ እሱስ የራሳቸው ነው።