ሽንኩርት የማይከተፍበት ቤት

ጥቅምት 6

ሁለት ቬሎ ተረከብኩ። የአንዱ ጅራት እንዴት ይረዝማል! አልጋው ላይ ዘርግቼዋለሁ። እኛ የት እንደምንተኛ እንጃ።

ባሌ ምሳውን ዛሬም ደረጃው ላይ በላ። ከምድር ቤቱ በርገር ቤት፣ እንደ ሁልጊዜው። የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንች፣ ለስላሳ። እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለውጦ ነው የሚገባው። የቤታችን ሕግ ነዋ። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን አሽትታ «ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» ብላ ከመለሰችልኝ ወዲህ እዚህ ቤት ምድጃ አልተለኮሰም። ስንት ዓመት ሆነው? ደህና ብርሃን የሚገባው ኩሽናው ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናዬን እዚያው ተከልኩ። ምድጃው ላይ የክር ሳጥን ደረደርኩ። ተገላገልኩ።

የቤት ምግብ አይናፍቅህም አልኩት። «ይሄም የቤት ነው፤ የበርገር ቤት» ብሎ ሳቀብኝ።

አመሻሽ ላይ ግራጫ ሱሪውን ላሰፋለት ፈታሁት። ወደ ውስጥ የታጠፈው ትርፍ ጨርቅ አልቋል። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ ሰዓት ሲፈታ ይውላል፣ ሆዱ ምን ያድርግ? ከኋላ ሌላ ጨርቅ ጨመርኩበት። ድብልብሌ።

ጥቅምት 19

እህቱ መጣች። ታላቁ ናት። ከሰላምታ በፊት ምድጃውን ነው የምታየው። «እናንተ፣ ዕድሜ ልካችሁን ይሄን ዘይት ልትበሉ ነው?»

ጊዜ የለኝም አልኳት። ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል አልኳት። እውነት ነው፣ ሁሉም እውነት ነው። ያልነገርኳት ግን... ይጣፍጠኛል። ድንቹ ትኩሱን፣ ጨው ተነስንሶበት ሲመጣ ድካሜ ይወጣል። የሚታጠብ ሰሃን የለ። ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ የለ። ማን ነው ይሄን የሚጠላ?

ኅዳር 5

ባሌ ሰሞኑን ውሃ ውሃ ይላል። ውሃው ግን አላረካው አለ፣ ለስላሳውን ያወርደዋል። ከዚያ ሽንት ቤት መመላለስ። ዶሮው ላይ ጨው አብዝተውበት ነው አልኩ። ሌላ ለስላሳ ራሴ ወርጄ ገዛሁለት።

ኅዳር 17

ጉድ ነው። ግራጫው ሱሪ ሰፋው! ራሱ መጥቶ «አጥብቢልኝ» አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል። የጨመርኩትን ጨርቅ ፈትቼ ወረወርኩት። መስታወት ፊት አቁሜ ስፒል ስሰካለት፣ ቬሎ እንደምትለካ ሙሽራ ይኮፈሳል። «እየበላሁ ከሳሁ። እህቴ አሁን ምን ትል ይሆን?»

እህቱም ደረሰች። አገላብጣ አየችው፣ አማረብህ አለችው። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ? እያንጎራጎርኩ ሰፋሁ።

ኅዳር 28

ሱሪውን እንደገና አጠበብኩ። ጃኬቱንም ከትከሻው ላይ። ደከመኝ ይላል... ብርዱ ይሆናል።

ድብልብሌ ስለው አሁን ያስቃል።

ታኅሣሥ 9

ምሳ ይዤለት ሱቁ ሄድኩ። አንዲት ትንሽ የሴት ሰዓት ፈቷል፣ ብሎኗ ጠፍታበት ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ይፈልጋል። ብሎኗ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ፊት ለፊቱ። አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።  

መነጽሩ አርጅቷል። ሌላ ይግዛ።

ታኅሣሥ 12

መነጽር ሻጩ ዓይኑን አየና መነጽር አልሸጥልህም አለው። ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ዛሬውኑ።

ሄድን። ጣቱን ወጉት። ነርሷ ማሽኑን ደጋግማ አየችው። ከመለኪያው በላይ ነው አለች። ስኳር። ዛሬ የጀመረው አይደለም፣ ዓመታት ሳይሆነው አይቀርም አለ ሐኪሙ። ምግቡ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ምግቡም፣ ቁጭ ብሎ መዋሉም፣ ዘርም ሊኖርበት ይችላል አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን ያህል ሲከሳ ቤት ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም?»

ምን ልበል? አይቻለሁ። በሜትር ለክቼዋለሁ። ከወገቡ የጎደለውን ሁሉ በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ።

የመለሰለት እሱ ነው። «እሷማ አይታለች ዶክተር፤ ሁለት ጊዜ አጥብባልኛለች።» ሊከላከልልኝ ብሎ እኮ ነው።

ታኅሣሥ 13

አልሰፋሁም።

ታኅሣሥ 30

ክኒን። ጠዋትና ማታ መርፌ። ዕድሜ ልኬን መርፌ ይዤ፣ የእሱን ሆድ ለመውጋት ሁለቴ ሦስቴ አንስቼ እመልሳለሁ። አይዞሽ የሚለኝ እሱ ነው።

ምግብ እህቱ እየሠራች ትልካለች። እስክታመጣው ይቀዘቅዛል። ሁለታችንም አፍ አውጥተን አንናገርም እንጂ የድንቹ ጠረን ከምድር ቤት ሲመጣ እንሰማዋለን። ዛሬ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ አየር ሲስብ ያዝኩት። አንጀቴን በላኝ።

ሐኪሙ እርስዎም ይመርመሩ ብሎኝ ነበር። አልሄድኩም። ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ግን ጠምቶኝ ነው ወይስ... እያልኩ ራሴን እሰልላለሁ።

ጥር 14

ዓይኑ ውስጥ ደም ፈሷል። ግራው ጠፋ። ቀኙ ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ይመለሳል ወይ አልኩት ሐኪሙን። ወረቀቱን እያየ፣ «ያለውን እንዳናጣ ነው የምንሞክረው» አለኝ። ያለው ምንድን ነው?

ሱቁን ዘጋን። ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸውን ሰዓቶች በካርቶን ተሸክሜ መጣሁ። አንድ በአንድ ጆሮው ላይ ያደርጋቸዋል። ይሄኛው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይሄኛው ዘይት ይፈልጋል ይላል። እና? ማን ይፍታቸው? መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።

ጥር 26

እሱ ተኝቶ ሳለ የመጨረሻውን ቬሎ ሳልጨርሰው መለስኩ። የሙሽራዋ እናት ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፣ ሠርጉ ደርሷል። ሌላ ሰፊ ፈልጉ አልኳት። ለምን እንደመለስኩ አልነገርኳትም። ከነገ ወዲያ በምን እንደምንኖር አላውቅም።

መኪናውን ከኩሽናው እየጎተትኩ አወጣሁ። የክር ሳጥኖቹን ከምድጃው ላይ አነሳሁ። ስለኩሰው መጀመሪያ የሸተተኝ የዓመታት አቧራ ነው። ሽንኩርት ከተፍኩ። ካሮት። ዘይት ጠብታ ያህል፣ ሐኪም ቤት እንዳሉን። እጄ አልረሳም። ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? ይሄን ለመሥራት ነው ጊዜ የለኝም ስል የኖርኩት?

ሽታው ቤቱን ሞላው። ከመኝታ ቤት ኮቴ ሰማሁ። ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ እየተጣደፈ መጣ። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞታል፤ ደግሞ ሰፍቶታል። ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? ቬሎው ላይ ይገባል!»

የኩሽናውን በር እጀታ ፈልጎ አገኘና ከውጭ ዘጋው። ከዚያ ኮቴው ወደ መኝታ ቤት ሲሮጥ ሰማሁ፤ ያንንም በር ሊዘጋ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ቬሎ እንደሌለ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ሽንኩርቱን ማማሰል ቀጠልኩ።