የከሳሁት ርቦኝ አይደለም

ውድ አባዬ፣

መጀመሪያ መነጽርህን አድርግ፤ ከዚያ ቁጭ በል። ቆመህ ስታነብ ቶሎ እንደምትናደድ አውቃለሁ፤ እኔም የወጣሁት ካንተ ነው። ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ከፋሲካ ወዲህ ስደውልልህ ታነሣና "ደህና ነሽ? እግዜር ይመስገን" ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። የአሊዩ አምባው ወዳጅህ ጋሽ አብዱልሀሚድ በርበሬያቸውን ሊሸጡ ወደ ደብረ ብርሃን ብቅ ሲሉ ያዝኳቸውና "በእጁ ካልሰጡልኝ" ብዬ አስማልኳቸው። "ወላሂ፣ ሲያነበው ቆሜ አያለሁ" ብለውኛል። እንግዲህ እያዩህ ነው፤ እንዳትቀደው።

እንደምታውቀው ነገሩ የተበላሸው በፋሲካ ነው። እኔና ናትናኤል አንኮበር ከሚኒባሱ ወርደን ዳገቱን ስንወጣ ደጃፍ ላይ ቆመህ ትጠብቀን ነበር። ሁልጊዜ የምትለኝን "ደልቶሻል፣ ተመስገን!" እንድትለኝ ጠበቅኩ። አላልክም። አየኸኝ፣ ደግመህ አየኸኝ፣ ከዚያ ባሌን አየኸው። የእሱን ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልመለስክም። ጎረቤቱ ደግሞ አፉን አልያዘ! "ውይ በሞትኩት፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?" "ምን ነካሽ ልጄ?" "ፊትሽ እኮ አለቀ!" እትዬ አስካለማ ጉንጬ ላይ የሚቆነጥጡት ሥጋ ቢያጡ እንባቸው መጣ። "ስፖርት እየሠራሁ ነው እኮ" ስላቸው "ስፖርት! ምን በወጣሽ!" አሉኝ። አንተም ከዚያ ማዶ "ስፖርት ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው" አልክ። ማዕድ ላይ ጠገብኩ ብዬ እጄን ስሰበስብ አንድ ቃል አልተናገርክም። ዝም ስትል ነው የምፈራህ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ሮጬ ስመለስ ደጄ ላይ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች አገኘሁ። አንተ፣ ጋሽ አብዱልሀሚድና ጎረቤትህ አቶ ሰይፈሥላሴ። እኔ በቱታ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ በደስታ ልስማችሁ ስንደረደር "ቆይ፣ ለነገር ነው የመጣነው" አልከኝ። ሰው የሞተብን መስሎኝ ነበር።

ስንገባ ናትናኤል ሽርጡን አገልድሞ ጎመን ይከትፋል። ምድጃው ላይ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ይንተከተካል። አቶ ሰይፈሥላሴ ድስቱን አጎንብሰው አዩና "ምነው፣ የለቅሶ ቤት ነው እንዴ?" አሉ። ናትናኤል የዋህ፣ የይርጋለም ልጅ፣ የኛን አገር አሽሙር የት ያውቃል! ፈገግ ብሎ "የለም አባባ፣ ቁርሳችን ነው" አላቸው። ያን ጊዜ አንተ ወደ ሁለቱ ዞረህ "ሰማችሁ? ቁርሳቸው ነው!" ስትል ፊትህ ላይ ያየሁት ነገር አሁንም አይጠፋኝም።

የተናገርከውን ላስታውስህ፤ አንተ ረስተኸው ይሆናል፣ እኛ ቤት ግን አልተረሳም። "እኔ ልጄን ያስተማርኩት ከንፍሮ ላወጣት ነው። አንተ መልሰህ ንፍሮ ውስጥ ከተትካት! ስንሰጥህ እንዲህ ነበረች? ደመወዝህ ካነሰህ ለምን አትናገርም? ገብስ አለን፣ ቅቤ አለን። ሚስት እያስራቡ ኩራት አለ እንዴ?" አልከው። እሱ ወንበር እየሳበ "እስኪ መጀመሪያ አረፍ በሉ፣ እህል ቅመሱ" ቢላችሁ "ነገራችን ሳያልቅ እህል አንቀምስም" ተባለ። ወጉ እንደዚያ መሆኑን አውቃለሁ፣ እዚያው ነው ያደግኩት። እሱ ግን ለሦስታችሁም ሳህን አቅርቦ ነበር።

ከዚያ "ምን በድለሃት ነው እንዲህ የመነመነችው? ተናገር!" ብለህ አፋጠጥከው። ናትናኤል ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አባዬ፣ እኔ ያን ጊዜ ወለሉን ነበር የማየው። እሱም ያንን አይቶ "ጥፋቱ የኔ ነው አባባ። በደንብ አልያዝኳትም። ይቅርታ አድርጉልኝ" አለህ። አንተም "ዕቃሽን ያዢ፣ እንሂድ" አልከኝ። አልሄድም ስልህ "እንግዲያውስ እኔም ይህን ደጅ ዳግመኛ አልረግጥም" ብለህ ወጣህ። ሁለቱም ተከተሉህ። ናትናኤል ሳህኖቹን ሲያነሣ እኔ አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አሁን እሱ ያልነገረህን እኔ ልንገርህ። በወረቀት ስለሆነ ነው የደፈርኩት፤ ፊትህ ብሆን አልችልም።

በስልክ ሁልጊዜ "ታዲያ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?" ትለኛለህ። ምን ማለትህ እንደሆነ ይገባኛል። "ምንም የለም" እያልኩህ ዓመታት አለፉ። ከጋብቻችን ጀምሮ ልጅ ስንጠብቅ ቆይተን ሁለታችንም ተመረመርን። እሱ ምንም የለበትም። ችግሩ የኔ ነው። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ እንቁላሉ በጊዜው አይለቅልኝም፣ ውፍረቴ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። "ሰውነትሽን ብታንቀሳቅሺ፣ አመጋገብሽን ብታስተካክዪ ሊረዳሽ ይችላል" አለችኝ። ሊረዳሽ ይችላል ነው ያለችው፤ እርግጠኛ ነገር አልነገረችኝም። ይህን በሦስት ሽማግሎች ፊት እንዴት ብዬ ላውራ? ናትናኤል ሁለት ቃል ቢተነፍስ ነፃ ይወጣ ነበር። "ልጅ ስላልወለደችልኝ ነው የምትሮጠው" ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ሚስቱን አስርቦ ያከሳ ወንድ መባልን መረጠ።

ስለ ምግቡም ልንገርህ፤ ምክንያቱም የተቀየምከው በድስቱ ነው። "አመጋገብ አስተካክዪ" ስባል እኔ መቼም ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የሚመጣ፣ ስሙ የማይጠራ ነገር ልገዛ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። ሐኪሟ "አገርሽ የት ነው?" አለችኝ። አንኮበር ስላት ሳቀች። "ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ሕፃን ሆነሽ ምን ትበዪ ነበር?" ስትለኝ እኔም ሳቄ መጣ። ምን እበላ እንደነበር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ገብስ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ምስር። ዳገት ወጥቶ ዳገት መውረድ። እኔ የወፈርኩት እኮ ደብረ ብርሃን ገብቼ ነው። ጠዋት ቦምቦሊኖ በስኳር ሻይ፣ ምሳ ላይ ማካሮኒ በዳቦ፣ ከሰዓት ብርዱን ሰበብ አድርጌ ብስኩት፣ በላዩ ላይ ለስላሳ። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ወንበር ላይ። አንተ "ደልቶሻል" እያልክ እግዜርን ስታመሰግንበት የኖርከው ይህን ነበር። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ እንደነበር ግን አልነገርኩህም።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ውርጩ ፊቴን እየጋረፈው፣ እሮጣለሁ። መጀመሪያ ከሰፈራችን መታጠፊያ ማለፍ አቅቶኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ "ይቅርብኝ፣ ወፍሬ ልሙት" ብዬ ነበር። ናትናኤል ነው ያስነሣኝ። ስመለስ በሶ ወይም ንፍሮ ይቆየኛል። የመጀመሪያው ቀን የበጠበጠው በሶ ጓጉሎ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶ ሊገድለኝ ነበር! አሁን ግን እጁ ተፍታቷል፤ ካንተ በሶ አያንስም ብልህ ትቀየመኛለህ፣ ስለዚህ አልልም። ለምሳ ምስርና ጎመኔን ይዤ እሄዳለሁ። ሽምብራውን ከአረርቲ የሚመጣ ሰው ያቀብለናል። ፍስክ ሲሆን እንቁላል እንጨምራለን፣ በጾም ባቄላው ይበቃናል። ያንተን ቅቤም አልጣልኩትም፤ በማንኪያ የምዝቀውን በጫፍ አደረግኩት እንጂ። በመሥሪያ ቤት "ምን ጎደለብሽና ነው?" እያሉ ሲያሾፉብኝ "ጎመን በጤና" ብዬ አልፋለሁ። ጤናዬን ነው የምልህ አባዬ። ጉልበቴ አያመኝም፣ ዳገቱን ሳልቆም እወጣለሁ፣ እንቅልፌ ጥሩ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ጠንክሬ አላውቅም፤ አንተ ደግሞ ልትቀብረኝ የደረስክ መሰለህ።

ይህን ሁሉ በንዴት ልጽፍልህ ነበር ያሰብኩት። ጀምሬም ነበር። ባለፈው ጋሽ አብዱልሀሚድ ቤታችን ጎራ ብለው "ያን ቀን ሳልበላ መውጣቴ እስከ ዛሬ ቆጭቶኛል" ብለው ምሳ በሉ። ሲበሉ "አባትሽን አትፍረጂበት። እናትሽም ያኔ ሕመሙ የጀመራት እንዲሁ በመክሳት ነበር። 'ምንም አልሆንኩም፣ ድካም ነው' እያለችው አለቀች። አንቺን ከሚኒባሱ ስትወርጂ ሲያይሽ እሷን ነው ያየው። እኔ ቤት መጥቶ እንደ ሕፃን አልቅሷል" አሉኝ።

እኔ የማስታውሰው የእማዬን ሽታ እንጂ መክሳቷን አይደለም። ትንሽ ነበርኩ። ለምን ሳህኔ ሳይሞላ ደስ እንደማይልህ፣ ለምን "ብዪ፣ ብዪ" እንደምትለኝ ያን ቀን ገባኝ። ፈርተህ ነው። አባዬ፣ እኔ አልታመምኩም። ደሜንም ሁሉንም ታይቻለሁ፣ ደህና ነኝ። ብትፈልግ ና፣ ሐኪሟ ዘንድ አብረን እንሂድ፣ ካፏ ስማ። አትፍራ። እወድሃለሁ። ይህን በስልክ ብልህ "እሺ፣ እሺ፣ ካርድሽ አይለቅ" ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ናትናኤልን ግን በደልከው። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ልጅህ አይደለሁም። እስከዚህ የጻፍኩትን ሳነብለት "ምስጢርሽን ለኔ ብለሽ አታውጪ፣ አባት ናቸው፣ ለልጃቸው ብለው ነው የተቆጡት" አለኝ። እኔ ግን ምስጢሬ ባሌን ከአማቱ እያጣላ እንዲኖር አልፈልግም። ጋሽ አብዱልሀሚድም ውስጡን አያውቁትም፣ አሽጌ ነው የምሰጣቸው። ለአቶ ሰይፈሥላሴም አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትል። ከእሳቸው ከሰማሁት ዳግመኛ አልጽፍልህም።

ለቅዳሜ ና። ሽማግሌ ሳትይዝ፣ ብቻህን። "አልረግጥም" ብያለሁ እንዳትለኝ፤ ያንን ያልከው ሚስቱን ያስርባል ብለህ ነው፣ ያ ደግሞ ውሸት ሆኖ ተገኘ። እሱ ምግቡን ይሠራል። ጎመን ይሁን ንፍሮ አላውቅም፣ ያቀረበልህን ትበላለህ። ይቅርታ በል አልልህም፤ አፍህ እንደማይለምደው አውቃለሁ። ብቻ ብላለት።

ልጅ ቢመጣ ይመጣል፤ ባይመጣም የእግዜር ፈቃድ ነው፣ እኔ እሮጣለሁ። አንተም ጸልይልኝ፣ አልከለክልህም። ብቻ ስትጸልይ፣ ከልጅነቴ እንደምሰማህ፣ "ወንድ ልጅ ነፈግከኝ" እያልክ እግዜርን አትውቀሰው። አልነፈገህም አባዬ። ሰጥቶህ ነበር፤ እህሉን ሳትቀምስለት ወጣህ እንጂ።

ቅዳሜ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ልጅህ
አመተ ማርያም ወልደተንሣኤ
ደብረ ብርሃን